በመርፌ ቁልፍ የተያዙ ቃላት

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኞች «መርፌ ቁልፍ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ደረቷ ላይ ሁልጊዜ ሰባት ስምንት መርፌ ቁልፍ ደርድራ ስለምትውል ነው። ምላሷ ስለሚወጋ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ሥራዋ የታጠበውንና የተተኮሰውን ልብስ በየክፍሉ ለይታ መጠቅለል፣ በነጭ ጨርቅ ቁራጭ ላይ የክፍሉን ቁጥር በማይለቅ ቀለም መጻፍ፣ ቁራጩን ጥቅሉ ላይ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝና ወደ ላይ መላክ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ የወሊድ ክፍልን አንሶላ ለሌላ ክፍል ልካ አታውቅም። ለዚህ ያመሰገናት ሰው የለም፤ እሷም ማንንም አመስግና አታውቅም።

የምትኖረው ከወንድሟ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። እሱ እንዲማር ተብሎ እሷ ከአምስተኛ ክፍል አቋረጠች። እሱ ተማረ፣ አገባ፣ ሚስቱም የቤቱ አዛዥ ሆነች። «ሥራ ካለሽ ክፍል አለሽ፣ ሥራ ከሌለሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ወንድምየው በዚያ ሰዓት ጫማውን ይጠርግ ነበር፤ ቀና አላለም። መርፌ ቁልፍ ከሥራዋ ብትባረር ጎኗን የምታሳርፍበት ጥግ አልነበራትም። ይህን ደግሞ የማጠቢያ ቤቱ ኃላፊ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ኃላፊውን ሠራተኛው ከኋላው «አቶ ፈርሙ» ይለዋል። ሳሙና ሲሰጥ ፈርሙ፣ ጓንት ሲሰጥ ፈርሙ፣ ምንም ሳይሰጥም ፈርሙ። የሚያስፈርመውን ወረቀት ማንም አያነበውም። ግማሹ ሠራተኛ ማንበብ አይችልም፤ የቀረው ደግሞ ቢያነበውም አይገባውም። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ መርፌ ቁልፍ ቆማ አነበበችና፣

«ጋሼ፣ ‹ግድፈት› ምን ማለት ነው?» አለችው።

ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ሰውዬው ሠላሳ ሰው በሚሰማበት ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ‹ሳሙና› የሚለውን ካወቅሽ ይበቃሻል! መሃይም!»

ሠራተኛውም አብሮ ሳቀ። እትዬ ካውያ ሳይቀሩ ሳቁ። እትዬ ካውያ ሃያ ስድስት ዓመት ሲተኩሱ የኖሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ናቸው። ምሳዋን አብራ የምትበላው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበርና የሳቸው ሳቅ ከሁሉም ይልቅ አንገበገባት። ያን ዕለት ቂም ቋጠረች።

በሳምንቱ ከሰባት ቁጥር ክፍል የወረደ የቆሸሸ ልብስ ስትፈታ፣ ከአንሶላው መሀል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ዱብ አለ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም። ወደ ላይ ይዛው ብትወጣ «በሽተኛው ወጥቷል፣ ጣዪው» አሏት። አልጣለችውም። ልብ ወለድ ነበር። አንድ የእህል መጋዘን ኃላፊ፣ ጎረቤቶቹና ሎሌዎቹ እርስ በርስ ሲበላሉ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ሰው ልብ ወለድ የሚያነበው ታሪኩ ስቦት ነው ይባላል። እሷን የሳባት ንዴቷ ነበር። በምሳ ሰዓት ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ ተቀምጣ እያንዳንዱን ገጽ የማታውቀው ቃል እስኪገኝ ድረስ ታስሰዋለች። መዝገበ ቃላት የላትም፤ የምትጠይቀው ሰውም የለም፣ አንዴ ጠይቃ አይታዋለች። ስለዚህ የራሷን ዘዴ አወጣች። አዲስ ቃል ስታገኝ ከመጠቅለያው ጨርቅ አንድ ቁራጭ ትወስድና ቃሉን ትጽፋለች፤ ከሥሩ ግምቷን በእርሳስ ታሰፍራለች። ቃሉ ሌላ ገጽ ላይ እንደገና ሲመጣ ግምቷን ታርማለች። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በማይለቅ ቀለም ትጽፈዋለች። ‹ሸፍጥ› መጀመሪያ የሸቀጥ ዓይነት መስሏት ነበር፤ በመጽሐፉ ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ በእሱ ላይ ተሰማርተዋልና። ስድሳ ገጽ ቆይታ ነው ጉዱን ያወቀችው።

ቃሉ ከገባት በኋላ ደግሞ ባለቤት ትፈልግለታለች። ከምታውቃቸው ሰዎች መካከል ቃሉ የሚስማማውን ትመርጥና ከትርጉሙ ሥር «ባለቤት» ብላ ትጽፋለች። «ንፉግ» ለወንድሟ ሚስት ደረሳት። «ልፍስፍስ» ለወንድሟ። ሌላው ሰው ቃል ሲማር ዕውቀት ያጠራቅማል፤ እሷ ድንጋይ ነበር የምትለቅመው። ክረምቱ ሲያልቅ የሽርጧ ኪስ ውስጥ አርባ ሦስት ቁራጭ ተከማችቶ ነበር። መጽሐፉን ጨርሳ እንደገና ከመሀሉ ጀመረችው።

ከዚያ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለ። አዲስ ከገቡት አንሶላዎች ግማሾቹ የሉም፤ በሽተኛ ባዶ ፍራሽ ላይ እየተኛ ነው። የት እንደገቡ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ አቶ ፈርሙ ከሁለተኛው ማሽን ጀርባ ባለችው መጋዘን እያከማቸ ለገበያ ያወጣቸዋል። ግን ማን አፉን ይከፍታል? እንጀራ ነው። በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው እንደ እብድ ይራወጥ ነበር። ጥቅል በጥቅል ላይ ተከመረ፣ የጨርቅ ቁራጭ አለቀ። መርፌ ቁልፍም ኪሷ ውስጥ የተረፉትን ባዶ ቁራጮች እያወጣች ቁጥር እየጻፈች መላክ ጀመረች። የራሷን ቁራጮች በቀኝ ኪሷ፣ ባዶዎቹን በግራ ነበር የምታደርገው። በጥድፊያው መሀል ግን እጇ ኪስ ተሳሳተና፣ ከራሷ ቁራጮች አንዱን ሳታየው በባዶ ጀርባው ላይ ቁጥር ጽፋ ላከችው።

ጥቅሉ የደረሰው ዋና ነርሷ ዘንድ ነው። ዋና ነርሷ ጋወኗን ልትወስድ ቁራጩን ፈታ ስትገለብጠው እንዲህ የሚል አገኘች፦ «ዕብሪተኛ። ራሱን ከሰው በላይ የሰቀለ፣ ሲያናግሩት ዐይኑን የማይመልስ። ገጽ 88። ባለቤት፦ ዋና ነርሷ።»

ከሰዓት በኋላ መርፌ ቁልፍ ኃላፊው ቢሮ ተጠራች። ዋና ነርሷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ ነው። አቶ ፈርሙ ፊቱ በርቶ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ በማግሥቱ ሊደርሱ፣ እሱም የሚያላክክበት ሲፈልግ፣ ሰው እጁ ላይ ወደቀለት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ዋና ነርሷ።

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«አየሽልኝ፣ ሲስተር! አላፈረችም እኮ!» አለ ኃላፊው። «ደግነቱ እኔ ሰው አላስርብም። ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ፣ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ። አለቀ።» ወረቀቱን ገፋላት። ቀድሞ አዘጋጅቶት ነበር።

መርፌ ቁልፍ የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆማ ታየቻት። እስክሪብቶውን አነሣች። ከዚያ ግን ከልማዷ የተነሣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች፦ «እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው ሠራተኛ፣ በክፍሉ ንብረት ላይ በፈጸምኩት ምዝበራ እንዲሁም በአለቆቼ ላይ ባሳየሁት ድፍረት ተጸጽቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጣቷ ቆመ።

«ምን ትዳብሺዋለሽ? ፈርሚ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ‹ምዝበራ› ምን ማለት ነው?»

አቶ ፈርሙ እንደ ድሮው ከት አለ። «ጥፋት ማለት ነው፣ ጥፋት! ቃሉ ከፍ ብሎብሽ ነው። አሁን ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። እጇን ቀኝ ኪሷ ውስጥ ከትታ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያየች ስትፈልግ ቆየች፤ ሰውዬው ሲጮህባትም አልተቻኮለችም። ያገኘችውን ቁራጭ ዋና ነርሷ ፊት አስቀመጠች። እንዲህ ይላል፦ «ምዝበራ። አደራ የተሰጠውን ንብረት ጥቂት በጥቂቱ ሰርቆ መጨረስ። ገጽ 112፣ 140፣ 203። ባለቤት፦ አቶ ፈርሙ።»

«አቶ ፈርሙ ማን ነው?» አለች ዋና ነርሷ።

ከበሩ ውጭ ጆሮውን የለጠፈ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«ከሁለተኛው ማሽን ጀርባ ያለችውን መጋዘን ያስከፍቱ፣ ሲስተር» አለች መርፌ ቁልፍ። «ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው።»

ተከፈተ። ማኅተሙ ያልደበዘዘ አዲስ አንሶላ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ተገኘ። አቶ ፈርሙ በማግሥቱ የፈረመውን ወረቀት ያጻፉት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው።

ዋና ነርሷ ግን ምስጋና የሚባል ነገር አልወጣትም። በመርፌ ቁልፍም ላይ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈችባት። «የሱ ጥፋት የአንቺን አያጥብልሽም» አለቻት፣ ዐይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ። መርፌ ቁልፍ የገጽ 88 ትርጉም አንዲት ፊደል እንኳ እርማት እንደማያስፈልገው በልቧ አለች። ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች። ሥራዋ ተረፈ፣ ክፍሏም ተረፈ።

የማጠቢያ ቤቱ ሰው ያጨበጭብልኛል ብላ አልጠበቀችም፤ ይጠምደኛል ብላም አላሰበችም። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወርዶ ነበር። ሁሉም ኪሷ ውስጥ የራሱ ቃል እንዳለ ገባው። ሳሙና የሚያድለው «እኔንስ ምን ብለሽኛል?» ብሎ መንገድ ዘጋባት። አጣቢዎቹ ስታልፍ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ የእሷን ሽርጥ ከተሰቀለበት አውርዳ ስትበረብር መርፌ ቁልፍ እጅ ከፍንጅ ያዘቻትና ተሰዳደቡ። ሌባውን የጠሉትን ያህል እሷንም ጠሏት፤ ምናልባትም የበለጠ፣ እሱ የሰረቀው የእነሱን አልነበረማ!

እትዬ ካውያ ብቻ ምሳቸውን ይዘው እንደ ወትሯቸው ከማድረቂያው ጀርባ መጡ። በሉ። አፋቸውን ጠረጉ።

«በይ እስቲ የእኔን አንብቢልኝ» አሉ።

«ይተዉት፣ እትዬ።»

«አንብቢ አልኩሽ። ዐይን የለኝም እንጂ ጆሮ አለኝ።»

ቁራጩን አወጣች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አሮጊቷ ፊደል አይለዩም። ግን ያ የሠላሳ ሰው ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። «አድርባይ» ብላ አነበበች። «ጉልበት ወዳለው የሚያዘነብል፣ ጌታው ሲስቅ የሚስቅ፣ ክፉ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ። ባለቤት፦ እትዬ ካውያ።»

ማድረቂያው አንድ ዙር ጨርሶ ቆመ።

«ልክ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ሳቄን ታስታውሺያለሽ፤ እኔም አስታውሰዋለሁ። ሰውዬው አንሶላውን ሲጭንም ስንት ጊዜ አይቼ ፊቴን አዙሬያለሁ። ጥሩ ቃል ነው ያገኘሽልኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ያንቺስ? ለራስሽ የቱን አወጣሽ?»

«ለእኔ?»

«አንቺም እኮ ክረምቱን ሙሉ ስታዪ፣ ስትጽፊ ከርመሽ ዝም ብለሻል። የተናገርሽው ገመዱ አንቺ አንገት ሲደርስ ነው።»

መርፌ ቁልፍ ሁለቱንም ኪሶቿን ጭኗ ላይ ገለበጠች። የቀሩትን ቁራጮች አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ንፉግ አለ፣ ልፍስፍስ አለ፣ ሸፍጠኛ አለ፤ ሁሉም ባለቤት አላቸው። አንዱም ግን የእሷ አልነበረም። ‹አድርባይ› የሚለውን ደግማ አነሣችና ትርጉሙን እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ በዚህ ጊዜ ድምፅ ሳታሰማ።

እትዬ ካውያ ከግራ ኪሷ ከወደቁት ባዶ ቁራጮች አንዱን መረጡ። ከደረቷ ላይ አንድ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ባዶውን ቁራጭ እዚያው ሽርጧ ላይ አያያዙላት።

«ቸኩለሽ አትጻፊው» አሉና ወደ ካውያቸው ሄዱ።