የኔታ የጠበቁኝ ቅዳሜ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። «ሌላስ የቀረህ አለ?» ባሉኝ ቁጥር «የለም አባቴ» እያልሁ መስቀል ስሜ ወጥቻለሁ። አለ እንጂ። ኮምፒውተሩን እያወቅሁ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የኔታን በከንቱ ያስጠበቅሁ እኔ ነኝ።

የኔታ የቅኔ መምህሬ ነበሩ። ዓይናቸው አያይም፤ ልባቸው ግን መዝገብ ነበር። ቅኔ አንዴ ከተባለ ነፋስ ይወስደዋል፤ እሳቸው ዘንድ ግን የራሳቸውም የተማሪዎቻቸውም አይጠፋም። ባረጁ ጊዜ የደብራችን አስተዳዳሪ ለምነዋቸው ቅኔያቸው እንዲጻፍ ፈቀዱ። በየቅዳሜው ከድብ ባሕር በሚኒባስ ወደ ጎንደር እየመጡ፣ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ያስጽፉ ጀመር።

ጸሐፊ አድርገው የመረጡት ይትባረክን ነው። አብሮኝ የተማረ፣ ኩርማን እንጀራ ተካፍለን ያደግን። እኔ ሳምንት የምደክምበትን ቅኔ እሱ ጉርሻውን ሳይውጥ ይዘርፈዋል። የኔታም «ይበል!» ይሉታል። ለእኔ ዝም ነበር። ስድስት ዓመት ያችን ይበል ጠብቄ፣ ሳልሰማት ከጉባኤ ቤት ወጣሁ። አሁን እኔም እዚያው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ የኮምፒውተር ኮርስ የወሰድሁትም እኔ ነኝ። ታዲያ ምነው እኔን አልመረጡ? ቀናሁ። እህል እስኪያስጠላኝ ቀናሁ።

ኮምፒውተሩ አንዳንድ ቀን አልነሳም ይላል። ማቀዝቀዣው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ይትባረክ በመብራቱ አሳበበ፣ ገመዱን ለወጠ፣ ሌላ ሶኬት ላይ ሰካው። አንድ ቅዳሜ ጭራሽ እንቢ ሲለው እኔ ክዳኑን ፈታሁ። ሚሞሪ የምንለው ቀጭን ሰሌዳ ከማስገቢያው ላላ ብሏል፤ እግሩም አቧራ ይዟል። በላጲስ ፈግፍጌ፣ ቀጭ እስኪል ተጭኜ መለስሁት። ተነሳ።

«ማነው ያስነሳው?» አሉ የኔታ።

«ሀብተ ማርያም ነው» አለ ይትባረክ።

«ይበል» አሉ።

ስድስት ዓመት በቅኔ ያጣኋት ቃል በላጲስ ተገኘች። በቃኝ ማለት ነበረብኝ። በሳምንቱ ግን ይትባረክ ሳይገባ ክዳኑን ከፍቼ የሚሞሪውን አንድ ጫፍ አላላሁት። እንዲጠሩኝ ነበር። አንዳንዴ ይነሳል፤ ካልተነሳ ይጠሩኛል፣ ጫን አደርገዋለሁ፣ ይበል እሰማለሁ፣ ሲወጡ መልሼ አላላለሁ። ይትባረክ ዘዴውን እንዳሳየው ሲለምነኝ «የእጅ ነገር ነው» አልሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ።

አንድ ዓርብ፣ በማግስቱ አዘዞ ለቅሶ እንዳለብኝ እያወቅሁ አላልቼው ሄድሁ። ይትባረክ ያለ እኔ ሲያፍር እንዲታይ ፈለግሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወለ።

«ሀብቴ፣ እንቢ ብሏል። በወረቀት ልጻፍልዎ ብላቸው፣ ‹ምነው፣ ሀብተ ማርያም የለምን? እሱ ሲነካው ይነሳል፤ እጠብቀዋለሁ› አሉ።»

ክዳኑን ፍታና ሚሞሪውን ተጫነው ማለት ይበቃ ነበር። አላልሁም። «እመጣለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሚኒባሱ ከለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጮሃል፤ እኔ ንፍሮ እየቆረጠምሁ ዋልሁ። የሚጠብቁት እኔን ነው፣ እሱን አይደለም እያልሁ ልቤ ይሞቅ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ ወንበራቸው ባዶ ነው። መኪና እንዳያመልጣቸው ሄደዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ ሐሙስ ዐርፈው ነበር።

ከቀብር መልስ ሚሞሪውን ቀጭ እስኪል ተጫንሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አልነሳም ብሎ አያውቅም።

ከአርባቸው በኋላ ይትባረክ ፋይሉን ከፍቶ ጠራኝ። የኔታ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያሰቡትን ቅኔ ርእሱን አስቀድመው አስጽፈው የመሄድ ልማድ ነበራቸው። በመጨረሻው ገጽ አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጉባኤ ቃና። ልጄ ሀብተ ማርያም በጉባኤ የተቀኘው፤ ያን ቀን ይበል ሳልለው የቀረሁበት።» ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው።

«ሁለት ቤት ናት» አለኝ። «ታስታውሳት እንደሆን ንገረኝና ልሙላት።»

አላስታውሳትም። ስንት ቀን ራሴን ይዤ ተቀመጥሁ፤ አንዲት ቃል አልመጣችልኝም። የሚያውቋት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይትባረክ ስክሪኑን እያየ አለቀሰ። «ያን ቀን ባስነሳው ኖሮ» እያለ በራሱ ፈረደ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልሁ። ከቅናቴ ይልቅ ያች ዝምታ ትከብደኛለች። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ያላላችው እጄ ናት፣ አፌንም የዘጋሁት እኔው ነኝ።

የቅኔያቸው መጽሐፍ ሊታተም ነው። ይትባረክ ባዶውን ገጽ እናውጣው ይላል። አይወጣም፣ ባዶውን ይታተም አልሁት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የጻፍሁት ለእሱ መልስ ይሆናል ብዬ ነው። ጽፌ ከጨረስሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ወረቀቱ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።