ጃንጥላ ጠጋኙ ኢያቄም ለጀልባ የሠራው ጥላ

ላሊበላ ውስጥ ጃንጥላው የተሰበረበት ሰው ወደ ኢያቄም ይሄዳል። ኢያቄም ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ የቄሱንም የነጋዴውንም ጃንጥላ ይጠግናል፤ ለንግሥ የሚወጣው ባለ ዘርፍ ድባብ እንኳ አጥንቱ ሲወልቅ በእሱ እጅ ያልፋል። የጃንጥላን ጨርቅ ሁሉም ያየዋል፤ ሥራው ያለው ግን መጋጠሚያው ላይ ነው። አጥንትን ከአጥንት የምታያይዘው ሽቦ ከላላች ነፋስ ይገለብጠዋል፣ ከጠበቀች ደግሞ አልታጠፍም ይላል። ኢያቄም የዚህችን ልክ በጣቱ ያውቃታል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ይከነክነው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሌላው የሠራውን ሲጠግን ኖረ እንጂ፣ ይህ የኢያቄም ሥራ ነው የሚባል አንድ ነገር አልነበረውም። ከጎኑ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ይማርሽ፣ «የኔ ቀሚስ አገር ለአገር ይዞራል፤ አንተን ግን ካልተሰበረበት በቀር የሚያስታውስህ የለም» እያለች ትቀልድበታለች። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በገና ሰሞን፣ ሸዕባን የሚባል ጀልበኛ ተሳላሚዎችን አጅቦ ከሐይቅ መጣና ደጁ ላይ ቆመ። ሸዕባን ዓሣ ያጠምዳል፤ በትንሽ ጀልባው ደግሞ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚሄዱ ሽማግሌዎችን ያሻግራል።

«አያ ኢያቄም፣ ሰዎቼን ፀሐይ ጨረሰችብኝ» አለ። «ሁሉም ጃንጥላ ሲዘረጋ አንዱ የአንዱን ዓይን ሊያወጣ ይደርሳል። ሣር ክዳን እንዳልሠራበት መረብ ስጥል ያንቀኛል፤ ዳር ስደርስም የሾላው ቅርንጫፍ ይነጥቀኛል። የሚዘረጋም የሚታጠፍም ነገር ትሠራልኝ?»

«እኔ እኮ ጀልባ አይቼ አላውቅም።»

«ጀልባውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ማጠፉን አንተ ታውቃለህ። ሌላ ምን ቀረ?»

ሸዕባን ከኪሱ የቃጫ ገመድ አወጣ። እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ የጀልባው ወርድ፣ እስከ ሁለተኛው ርዝመቱ ነበር። ገመዱን ትቶለት ከፋሲካ በፊት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ስለ ከፍታው እሱም አልተናገረ፣ ኢያቄምም አልጠየቀ።

መጀመሪያ ምርጫ መጣ። ላስቲክ ቀላል ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠውን ግን ይቀቅላል። አቡጀዲድ ያምራል፣ ፀሐይዋን ግን ያሳልፋል። ኢያቄም ያረጀ የድንኳን ሸራ መረጠ፤ ወፍራም ነው፣ አየርም ያስተነፍሳል። ለአጥንቱ ወይራ ቢያስብ ከበደው፣ ቀርከሃ ቢሞክር ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ቀጭን የብረት የውሃ ቱቦ አገኘ። ቱቦን ዝም ብለው ቢያጎብጡት ጉልበቱ ላይ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሞላ፣ ሁለቱን አፍ በእንጨት ወተፈ፣ ከዚያ በባሕር ዛፍ ግንድ ዙሪያ ቀስ እያለ ጠመዘዘው። አሸዋው ከውስጥ ስለደገፈው ቱቦው ሳይሰበር ጎበጠ። ኢያቄም ደስ ብሎት ይማርሽን ጠርቶ ሁለት ጊዜ አስዳሰሳት።

እንዲህ አድርጎ ሦስት ቅስት ሠራ። የቅስቶቹ እግሮች በግራም በቀኝም በአንድ በአንድ ብሎን ተያዙ፤ ሲዘረጉ እንደ እጅ ጣቶች ይከፈታሉ፣ ሲታጠፉ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል። ሸራውን ይማርሽ በላያቸው ሰፋችው፣ ዙሪያውንም ሳትጠየቅ ዘርፍ አደረገችለት። ከፊትና ከኋላ የሚወጥረው ደግሞ አልጋ የሚሠራበት ጠፍር ሆነ።

መሞከሪያ ጀልባ ግን የለም። ኢያቄም በግቢው ድንጋይ ደርድሮ በገመዱ ልክ ጀልባ ሠራ፤ ብሎኖቹንም በተተከሉ ሁለት ካስማዎች ላይ አሰረ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ተሳፈረ። ለፋሲካ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለሙ ያሰቡት መምህር፣ የኔታ ከፋለ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው መቋሚያቸውን ይዘው መሐል ቆሙ። ሌሎቹም ቆሙ። ድባብ ሥር የሚቀመጥ ማን አለ? ኢያቄምም ቅስቱን ያስረዘመው በቆመ ሰው ልክ ነበር።

«ጥምጥሜን አልነካውም» አሉ የኔታ። «ይህስ ሥራ ነው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው የከሰዓት ነፋስ ገባበት። ሸራው እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ካስማዎቹ ተነቀሉ። ጥላው ከእነ ዘርፉ ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ላይ ተሰቀለ፤ አንዱን ጠፍር የያዙት የኔታም የተወሰነ መንገድ ተከተሉት።

«የኔታ፣ ዋና ይችላሉ?» አለች ጎረቤቲቱ ሙሉዬ።

«ዝም በይ፣ ገና ከወደብ አልወጣንም።»

ሁሉም ሲስቅ ኢያቄም ብቻ አልሳቀም። የመጀመሪያ ሥራው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ሸዕባን ሲመጣ፣ የኔታም ጎረቤቶቹም ባሉበት ነገሩን ሳይደብቅ ነገረው። ሸዕባን ቅስቱን ሽቅብ አየና በድንጋዩ ጀልባ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ኑ፣ ተቀመጡ። ወላሂ ጀልባ ላይ የሚቆም ሰው ወይ መረብ ይጥላል ወይ ውኃ ውስጥ ይገባል። ይህን ሰቅዬ ብሄድ ነፋሱ ከእነ የኔታ ይገለብጠኛል።»

ኢያቄም ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ታዲያ ተበላሸ ማለት ነው?»

«ማሳጠር አይቻልም?»

ቱቦ የሚቆረጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ካነሰ አይቀጠልም። ኢያቄም ቅስቱን በጣቱ ተከትሎ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ጉብጠቱ ያለው ከላይ ነው፤ እግሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እግሮቹ ብቻ ቢቆረጡ ከፍታው ይቀንሳል እንጂ ወርዱ አይነካም፤ ሸራውም እንዳለ ይሆናል። ይህን ሲያይ ፊቱ በራ።

«የኔታ፣ በርጩማው ላይ ይቀመጡልኝ።»

«ጥምጥሜን ጨምረህ ለካ» አሉ የኔታ። እሱም ጥምጥሙን ጨምሮ ለካ፤ ጀልባ ሲወዛወዝ ሰውም ይነሣል ብሎ በላዩ አንድ ስንዝር አከለ፣ ከዚያም ቆረጠ። ጠፍሩን ግን ሸዕባን ፈታው፤ ውኃ ሲነካው ይረግባል አለና በናይለን ገመድ ቀየረው።

«ዘርፉስ?» አለች ይማርሽ።

«ዘርፉ ይቆይ፣ እቴ። ዓሦቹም ይደሰቱ» አለ ሸዕባን።

ለፋሲካ ኢያቄም የኔታን ተከትሎ ሐይቅ ወረደ። ጥላውን በጀልባው ጠርዝና ጠርዝ ላይ ራሱ አሰረ፤ የቃጫ ገመዱም እውነቱን ነበር፣ ብሎኖቹ ቦታቸውን አገኙ። ሲንሳፈፉ ኢያቄም ጠርዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፤ ዓይኑ ግን ከጥላው አልተነቀለም። መሐል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ሸዕባን በአንድ እጁ መቅዘፊያውን እንደያዘ በሌላው የናይለኑን ገመድ ፈታ፤ ሦስቱ ቅስቶች አንዱ በሌላው ላይ ተኙ። ነፋሱ ሲያልፍ መልሶ ዘረጋው። የኔታ ከጥምጥማቸው በላይ ያለውን ክፍተት በእጃቸው ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዳር ላይ ሌላ ጀልበኛ ጠበቃቸው። ዘርፉን ነካ፣ ብሎኑን አዟዟረ፣ ጥላውን አጥፎ ዘረጋው።

«የማን ሥራ ነው?»

«የእሱ» አለ ሸዕባን፣ ኢያቄምን እያሳየ።

«ለኔም ይሠራልኛል? ግን አገሩ ሩቅ ከሆነ፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?»

ኢያቄም የቃጫ ገመዱን ከኪሱ አወጣ።

«እሠራልሃለሁ። ለጥገናው ግን ሌላ ሰው ፈልግ» አለ፣ ገመዱንም ለመለኪያ አቀበለው። «ተቀምጠህ የራስህንም ከፍታ ቋጥርበት።»