ስድብ የምትጠብቅ ሴት

ሆስፒታል ከተኛው ወንድሜ አልጋ ፊት ለፊት፣ በስትሮክ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ያለውን ባሏን የምታስታምም ሴት አለች። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፤ ልነግራት አስቤ አፈርኩ። ትናንት ሐኪሟ፣ "በደም ምርመራው የብግነት ምልክቱ፣ የሰውነት መቆጣቱ ማለት ነው፣ ከፍ ብሏል። እንዲህ ሲሆን ሕመሙ በድንገት ሊባባስ ይችላል፤ አነጋገሩ ከተለወጠ ቶሎ ጥሩኝ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ባሏን መተንኮስ ሆኗል።

"አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም ተጋድመህ ልትውል ነው?"

"ወሬኛ... አፍሽን ያዥ" ይላታል፣ ምላሱ እየተሳሰረ።

ይሄኔ እፎይ ብላ ወንበሩን ትደገፋለች። ዓይኗ ከድካም ብዛት ደም መስሏል። ጥቂት ቆይታ እንደገና ትነካካዋለች።

"እማዬ፣ ተይው እንጂ ይረፍበት" ትላታለች ልጇ።

"ይስደበኝና ይረፍ።"

ዛሬ ከሰዓት በኋላም እንደ ልማዷ ጎነጥ አደረገችው። "አንተ ሽማግሌ፣ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠህ አንተ ታንኮራፋለህ?"

ዓይኑን በግድ ገልጦ ትክ ብሎ አያት።

"የኔ ቆንጆ" አላት፣ በደከመ ድምፅ።

ፊቷ ሊፈካ ሲል መልሶ ጠቆረ። በባዶ እግሯ ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄደች።

"ዶክተር፣ ኑልኝ" አለች። "አልሰደበኝም።"