ከቡሬ የማታልፍ መኪና

«ነጭ አይሆንም አልኩ! ነጭ ከሩቅ ይታያል።»

«ታዲያ መኪና የሚገዛው እንዳይታይ ነው እንዴ?»

«አዎ» አሉ አባባ። «ዘንድሮ የሚገዛው እንዳይታይ ነው።»

እህቴ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ስልኩ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ፎቶ ነበር። ባለቤቷ እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሚያስተምር ሰው ነው፤ ከተማውን ሊለቅ ስለሆነ ይሸጣታል። እህቴ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላት መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ባሕር ዳር ያለችው አክስታችን ደግሞ «መኪና ካለሽ እኔ ዘንድ እያደርሽ የተማሪ ሰርቪስ ትሠሪያለሽ» ብላታለች። ዓረብ አገር እሄዳለሁ ባለች ጊዜ «ተዪው፣ መኪና እገዛልሻለሁ» ያሉት አባባ ራሳቸው ናቸው። መኪናዋ የት እንደምትነዳ ግን ያን ቀን አላነሡም። ኋላ ስንሰማ፣ ከገጠር በርበሬና ድንች እየጫነች ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ገበያ ታደርሳለች ብለው አስበው ኖሯል።

«ይችን ይዘሽ ብትወጪ መንገድ ላይ ‹ውረጂ› ይሉሻል» አሉ አባባ።

«እነማን?»

«እሱን እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

«እርስዎ ካሰቧት አሮጌ ፒክአፕስ ላይ ውረጂ አይሉኝም?»

«ከአሮጌ ማን ውረጂ ይልሻል! ይልቅ አዝነው ይገፉልሻል።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። በቤታችን ገጣሚው እኔ ነኝ፤ ሥራ የለውም ማለት ነው። «አንተስ ምን ትላለህ፣ ባለ ቅኔው?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ መንገድ ተከፈተ ሲባል ስንሰነብት አንድ ነገር ውስጤ ደንዝዟል። ብዙ የተቀመጡበት እግር እንዲህ ነው፤ ቆመህ ትረግጥበታለህ፣ መሬቱ ግን አይሰማህም።

የግቢው በር ተንኳኳ። አባባ የቀጠሩት ሻጭ ከቡሬ ይዟት መጥቶ ነበር፤ ባለ አንድ ጋቢና አሮጌ ፒክአፕ። ድሮ አረንጓዴ ሳትሆን አልቀረችም። አሁን ቀለሟ የደረቀ እበት ይመስላል። በግራ በሯ ላይ በሬ የወጋት የሚመስል ጉድጓድ አለ።

«በሯን አቀናዋለሁ፣ አባቴ» አለ ሰውየው ገና ሰላምታው ሳያልቅ። «ቀለምም እቀባታለሁ።»

«እንዳትነካት!» አሉ አባባ።

ሰውየው ግራ ገባው። አባባ ሞተሯን አስከፍተው አላዩም፤ ከሥሯም አላጎነበሱም። አስፋልቱን ተሻግረው ባሕር ዛፉ ሥር ቆሙና ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ እንደማያውቃት ሰው፣ መኪና እንደሚያስቆም ሰው አዩዋት። አንዴ ጭራሽ ፊታቸውን አዙረው ድንገት ተመለሱባት። ተሻግረው ሲመጡ ፊታቸው ፈክቷል።

«ዓይን አትገባም» አሉ።

በገበያ ሻጭ ያወድሳል፣ ገዢ ያጣጥላል። እዚህ ግን ሻጩ የሚያፍርበትን ሁሉ አባባ እየመረጡ ይወዱለት ጀመር። መስታወቷ ተሰንጥቋል፤ ደግ። ወንበሯ ተቀዷል፤ ደግ። ከወደ ላህ ወንዝ በኩል አንድ የጥይት ድምፅ ጓ ብሎ ተሰማ። ማናችንም ቀና አላልንም። ሰውየው ብቻ ቁልፉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ።

«ነድታ ትሞክራት» አለ።

እህቴ ገባች። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሹን እንደ አሮጌ ወዳጅ እጅ ያዘችው፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሳ ተመለሰችና በኋላ ማርሽ፣ አንዴም ሳትቆም፣ በጠባቡ በራችን አስገባቻት። አባባ ጋቢያቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ፤ ሲኮሩ እንዲህ ያደርጋሉ። እኔም ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አሰብኩ፤ ማሰቡ ላይ ቀረ።

ቤት ገባን። እናታችን ለቅሶ ሄዳ ስለነበር እህቴ ዳቦ ቆርሳ አቀረበች፤ የፒክአፗ ቁልፍ አሁንም እጇ ላይ ነበር። ሰውየው ዳቦውን ይዞ ሳይጎርስ ቆየ።

«አባቴ፣ ኋላ እንዳይረግሙኝ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ። «ይቺ ከቡሬ አታልፍም። እስከ ቡሬ ሜዳ ነው፣ ምንም አትልም። ወደ ጥሊሊ ዳገቱን ስትጀምር ግን ታፈላለች። ባሕር ዳር የምትባለዋን አታስቧት።»

እህቴ ቀና አለች።

«ከቡሬ አታልፍም?» አሉ አባባ።

«በማርያም፣ አታልፍም።»

«እኛም የምንፈልጋት ከቡሬ እንዳታልፍብን ነው» አሉ አባባ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ፀሐይ ሳለ ወጥታ ፀሐይ ሳለ የምትገባ። ቤቷን የምታውቅ። ሩቅ አገር ምን አላት?»

«ማን?» አለች እህቴ።

«መኪናዋ ናታ።»

ባገራችን አባት ልጁን ፊት ለፊት «አትሂጂብኝ» አይልም። ለእንግዳ ይናገራል፣ ለበሬው ይናገራል፤ የሚሰማው ይሰማል። መኪና ደግሞ በእኛ አፍ «እሷ» ናት። አባባ መናገሪያ አገኙ። ሰውየው ግን ይህን አላወቀም፤ ስለ ፒክአፗ ማውራቱን ቀጠለ።

«ስትነሣ ጠዋት ጠዋት ታኮርፋለች እንጂ ከለመዷት ገር ናት።»

«አውቃታለሁ» አሉ አባባ።

«ብቻ ሰው እጅ እንዳትገባ። ሰው እጅ ከገባች ተበላሸች።»

«ለማንም አንሰጣት። ደህና ሰው እስኪመጣላት እኛው እንይዛታለን።»

ሰውየው ዳቦውን አሁን ጎረሰ። መኪና ደህና ሰው እንደሚመጣላት ሰምቶ ባያውቅም በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ» አለች እህቴ፣ «የሚያወሩት ስለ መኪናዋ ነው ስለ እኔ?»

«ስለ መኪናዋ» አሉ፣ ሳያዩዋት። «ምን አስቸኮለሽ፣ ልጄ? ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉስ ሄደ። እኔ ነኝ መኪና ተገዝቶልኝ መሄድ ያቃተኝ።»

ሰውየው ሳቀና፣ ብቻውን መሳቁን አይቶ ዋጠው።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ አላለቀሰም። «ሰሙ መኪናዋ ናት» አለች። «ወርቁን አንተ ንገረኝ። ሥራህ ይኸው አይደል?»

አባባም አዩኝ። አሁንም እኔ እንጃ ማለት ይቻል ነበር።

«ወርቁ አንቺ ነሽ» አልኳት፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው።

«ይኸው!» አሉ አባባ፣ ለሰውየው። «ወርቄ እኮ ናት! እውነቱን ነው!»

«ወርቅማ ናት» አለ ሰውየው። «ደሞ ስትነዳ!»

እህቴ ቁልፉን አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ፣ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ፣ አባባ ፊት አኖረችው።

«ደህናው ሰው ሲመጣ ለሱ ይስጡልኝ» አለች። «እኔ እንደ እንቁላሉ በእግሬ እሄዳለሁ።»

አባባ ቁልፉ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ አላነሡትም። እሷ ስልኳን ከጠረጴዛው አንሥታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በፒክአፗ ጎን አልፋ ወጣች። የግቢው የቆርቆሮ በር ተዘጋ።