ዘይቱ ለምን ጨመረ

የያዙኝ አማን ከተማ ባለው ጋራዤ ውስጥ፣ መኪና ስር ተኝቼ ሳለ ነው። እግሬን በጫማው ነካ ነካ ያደረገኝ ሰው ደንበኛ መስሎኝ "ትንሽ ታገስ" አልኩት። አልታገሰም። ከሳምንት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ "የታሰሩት ሰዎች ለምን ፍርድ ቤት አይቀርቡም?" ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱን እዚያው እስር ቤት ገብቼ እንዳገኘው ፈለጉ መሰለኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። የጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና ሽታ ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አትሰማም። እኔማ ባይዘንብም የሚነገረኝ ነገር ጆሮዬ አይገባም ነበር። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ዛሬ ትውለድ ነገ፣ ማን ይንገረኝ?

በአሥረኛው ቀን አንድ ጠና ያለ የወታደር ሾፌር አምጥተው ከእኛ ጋር ቆለፉበት። ቀበቶውንና የጫማውን ክር ወስደውበታል። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። መካኒክ መሆኔን ሲሰማ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ልጄ፣ እንግዲህ አንተ ትረዳኛለህ" አለኝ። "ወደ ማጂ ልንወጣ ስንዘጋጅ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ዘይቱን ቢያሸቱት ናፍታ ናፍታ ይላል። ማጂ ላለመሄድ ብለህ አንተ ነህ ናፍታ የጨመርክበት አሉኝ። ከዚህ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱኝ ነው። እዚያ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።"

"ዘይቱን ያዩት ነበር ጋሼ?"

"በየጠዋቱ! ከምልክቱ በላይ ነበር እኮ። እንዲያውም ከቀን ወደ ቀን ይጨምር ነበር። በዚህ እርጅናው ዘይት አለመብላቱ፣ ተመስገን እል ነበር።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ሞተር ዘይት ይበላል እንጂ አይወልድም። ግን በዚያ በማጂ መንገድ ዳገትና ጭቃ ያረጀ ሾፌር የሚፈራው የዘይት መጉደልን ነው። ጨመረ ብሎ የደነገጠ ሾፌር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የወታደሮቹ አዛዥ አስጠራኝ። ግቢው መሃል አሮጌው ካሚዮን ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። አዛዡ የተጻፈበት ወረቀት ይዟል።

"መካኒክ ነህ አሉኝ።"

"ነኝ፣ አለቃ።"

"ሾፌሩ ሆን ብሎ ሞተሩ ውስጥ ናፍታ እንደጨመረ እይና ፈርም። ከፈረምክ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።"

እውነቱን ልናገርና፣ ልፈርም ቆርጬ ነበር። ሾፌሩ ምኔ ነው? ትናንት ያየሁት ሰው ነው። ብቻ እጄ ለምዶበት የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንጠባጠበ። በሁለት ጣቴ ፈተግኩት፤ ቅባትነቱ ጠፍቷል። የጠባቂው ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

ናፍታ መግባቱን ማንም ያውቃል፤ ጥያቄው በየት ገባ የሚለው ነው። ቁልፍ አስመጣሁና የነዳጁ ፓምፕ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈታሁ። በጨርቅ አደረቅሁት። ከዚያ ናፍታውን የሚገፋውን የፓምፑን የእጅ መግፊያ ደጋግሜ ተጫንኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ላብ ወዛ፣ ከዚያ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ።

"ምነው ባላየሁት" አልኩ በልቤ። ተናደድኩ፤ በአዛዡ ሳይሆን በዚያች ጠብታ።

"አለቃ፣ ይምጡና ይዩ። ናፍታው እንዳያልፍ የሚይዘው ጎሚኒ ተበልቷል። ሞተሩ በሠራ ቁጥር ናፍታው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ከቀን ወደ ቀን የጨመረውም ለዚህ ነው። ማንም አልጨመረበትም።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

"እኔ የጠየቅኩህ ይህን አይደለም" አለኝ ቀና ሲል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሚስትህ ትናንት በር ላይ መጥታ ነበር። መቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች አሉ።"

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ፈራሁ፣ አልደብቅም። ወረቀቱን ተቀብዬ ገለበጥኩትና በባዶው ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ "ናፍታው ዘይት ውስጥ የገባው የፓምፑ ጎሚኒ ስለተበላ ነው። የሾፌሩ እጅ የለበትም።" ከስሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ጣቴ ያረፈበት ሁሉ ጥቁር ሆነ።

አንብቦ ኪሱ ከተተውና ጠባቂውን "መልሰው" አለው።

"ብሎኖቹን ላጥብቅ" አልኩ። ሥራ ከፍቼ ትቼ አላውቅም። አልከለከሉኝም፤ አንድ በአንድ አጥብቄ፣ ቁልፉን ጠርጌ አስረከብኩ። "ጎሚኒው ተቀይሮ፣ ዘይቱ ካልተለወጠ፣ እንኳን ማጂ መንገድ ላይ ያለችው ቱምም አይደርስ" ብዬ ወደ መጋዘኑ ገባሁ።

ሾፌሩን በሦስተኛው ቀን ፈቱት። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ይዤ አነሳሁት። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ። ሾፌሩ በተፈታበት ሳምንት አንድ ጠባቂ የምግብ ዕቃዬን ሲያቀብለኝ በሹክሹክታ "ሴት ናት" አለኝ።

ዛሬ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። ብፈርም ኖሮ ያን ቀን ቤቴ መግባት እችል እንደነበር እናቷ ታውቃለች። ስነግራት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። ልጄ አንድ ቀን "ስወለድ የት ነበርክ?" ማለቷ አይቀርም። አልቆጨኝም ብዬ አልዋሻትም፤ ይቆጨኛል። ዛሬም ያንን ወረቀት ቢሰጡኝ ግን ገልብጬ ያንኑ እጽፋለሁ።