ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው

ጡረታ የወጣሁት በሰኔ መጨረሻ ነው፤ መንገዳችን ሰው አጥብቆ በሚፈልግበት ክረምት ደጃፍ ላይ። ሆን ብለው ቢፈልጉ እንኳ ከዚህ የባሰ ጊዜ አያገኙም ነበር። ባልደረቦቼ ደባርቅ ካምፕ ውስጥ ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡ፣ ሥጋ በላን፣ አለቃችንም «እንግዲህ እረፍ» አለኝ። እረፍ! በዕድሜዬ ሰው እንዲህ ያለኝ ታምሜ ስተኛ ብቻ ነው።

ሥራዬ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ቁልቁለት መጠበቅ ነበር። ክረምት ሲገባ ገደሉ ይናዳል። እኛ ቦዩን እንጠርጋለን፣ የሚገፋውን ድንጋይ እንገፋለን፣ ለማይገፋው ሎደር እስኪመጣ መኪና እናስቆማለን። በዚያ መንገድ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ አልነበረም። ሰሌዳው ሰው ነው። መንገዱ ደህና ከሆነ ሠራተኛው ከቦዩ ዳር ቆሞ እጁን ያነሣል፣ ሾፌሩም ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል። ናዳ ከወረደ ግን ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ኩርባ ላይ፣ መሐል መንገድ፣ እጁን አጣምሮ ይቆማል። በቃ። ያንን ያየ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስደርጋል። ወርዶ «እስቲ ልየው» የሚል የለም። ከሥራዬ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነበር። እኔ መሐል መንገድ ከቆምሁ ያ ሁሉ ሾፌር፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ያምነኛል።

ቤቴ ከደባርቅ መውጫ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በር ላይ በርጩማ አውጥቼ መኪና ሳይ እውላለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ኋላ ቤቱ ጠበባት። ድስቷን እየከፈትሁ አያለሁ። ውሃ ይቋጥራል ብዬ የጓሮዋን ጎመን ነቅዬ ቦይ ቀደድሁበት። የዚያን ዕለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሰውዬ፣ በፈጠረህ ወጣ በል! ከሰው ተቀላቀል!» አለችኝ። ተቀላቀልሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው «ና፣ አረፍ በል» አሉኝ። ስለ ጉልበታቸውና ስለ ወገባቸው ሲያወሩ ሰማሁና ተናድጄ ተነሣሁ።

ዝናብ የጣለ ጠዋት ደግሞ አይጣል ነው። የካምፑ መኪና ድሮ በራችን ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋልኝ ነበር። አሁን ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ ያልፋል። እኔ ጫማዬን አስሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። ሞት አልተመኘሁም፤ ለምን እንደሚነጋ ግን አልገባ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ አንድ ጠዋት የዝናብ ካፖርቴን ለበስሁ። የሥራ ሰደርያዬንና አካፋዬን አስረክቤያለሁ፤ ካፖርቱን ግን የግምጃ ቤቱ ሰው ቀዳዳውን አይቶ «ይህንማ ይዘኸው ሂድ» ብሎ መልሶልኛል። ባለቤቴ «ወዴት ነው?» አለች። «እግሬን ላፍታታ» አልኋት። ወደ ሊማሊሞ ሄድሁ። ለማየት ብቻ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ለማየት ብቻ።

አፋፉ ላይ ስደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነው። ማንም የለም፤ የካምፑ ልጆች መንገዱን ሊያዩ ወደ ታች ወርደዋል። ቆምሁ። የት ልቁም ብዬ አላሰብሁም፤ እግሬ ወደ ለመደው ኩርባ፣ መሐል መንገድ ወሰደኝ። እጄንም በርዶኝ ነበርና አጣመርሁት።

ከጎንደር ሽሬ የሚመላለሰው አውቶቡስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሾፌሩን ለዓመታት አውቀዋለሁ። አየኝና ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ከኋላው አንድ የጭነት መኪና መጥቶ እሱም ቆመ። የአውቶቡሱ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ብዙ ነው ጋሼ?» አለኝ።

«መንገዱ ደህና ነው፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን «ትንሽ ታገሡ» የሚል ሆነ።

ተሳፋሪው ወረደ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ወደ እኔ መጣችና «አባቴ፣ ዛሪማ ቀብር አለብኝ፤ ወንድሜ ነው። እንደርስ ይሆን?» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ትደርሻለሽ» አልኋት። አመነችኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ ግን አልዋሽም፣ ከሰኔ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ከዚያ ከቁልቁለቱ ሞተር ተሰማ። የካምፑ መኪና ነው። በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት አንገቱን አውጥቶ «ምነው ቆማችሁ?» አለ።

ረዳቱ «መንገዱ ተዘግቶ አይደል?» ብሎ መለሰለት።

«ማን ዘጋው? ታች ድረስ ወርደን እየተመለስን ነው፤ ደህና ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የአውቶቡሱ ሾፌር ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ሰደርያ የለኝም፣ አካፋ የለኝም። ገባው። ቢሰድበኝ በወደድሁ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ነኝ፣ ጉሙን ፈርቼ ነው የቆምሁት! ግቡ፣ ግቡ!» አለ። ሐዘንተኛዋ ሴት ስታልፍ ዝቅ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ በዚህ ጉም ከመግባት አዳኑን» አለችኝ። ለቀብሩ ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወጣቱ ከመኪናው ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። «ጋሼ፣ ይግቡ፤ ጋቢና ይግቡ» አለኝ። እኔ ዘመኔን ሁሉ ከኋላ፣ ከአካፋው ጋር ነበር የምጫነው። ጋቢና የእንግዳ ነው፣ ወይም የበሽተኛ። ሾፌራችን ንፋስ እንዳይመታኝ መስኮቱን ዘጋ። ባለቤቴ ካፖርቱን ተቀብላ ስታሰጣው «እግርህ ተፍታታ?» አለችኝ። «ተፍታታ» አልኋት።

ብዙም ሳይቆይ የእውነቱ ናዳ ወረደ። ያ ወጣት ከሥራ ሲመለስ አካፋውን ደጅ አቁሞ ሊጠይቀኝ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንደ ባለሙያ «መኪናውን ቀድመህ አቆምህ?» አልሁት።

«ቆሜ ነበር ጋሼ» አለ።

«ነበር ማለት?»

«ያ የሽሬው ሾፌር ወርዶ ‹በዓይኔ ካላየሁ አላምንም› አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። በእግራቸው ናዳው ድረስ ሄዱ።»

«በዚያ ጉም?»

«በዚያ ጉም። ከላይ ድንጋይ እየወረደ ነበር። እግዜር አወጣቸው።» አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ።

ሥራዬን ለዚህ ልጅ በደንብ ያስረከብሁት መስሎኝ ነበር። ለካ በሥራው የምኮራበትን አንዱን ነገር አጥፍቼበታለሁ። ከእንግዲህ እጁን አጣምሮ ሲቆም ሰው ወርዶ ያየዋል። ባለቤቴ እራት ልታቀርብለት ተነሣች። እኔ ደጅ ወጥቼ ከአካፋው ላይ ጭቃውን እፍቅ ጀመር፤ ሌላ የማደርግለት ነገር አልነበረኝም።