ላሊበላ የሚል መሮ

ያዘዝኩት ጉጉት ነበር፤ የመጣልኝ ላሊበላ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅኩም።

ጉጉት የምለው ወፉን አይደለም። አንገቱ ላይ የጉጉት ምልክት የታተመበት የውጭ አገር መሮ ነው። በከተማችን አንድ ሽማግሌ እንጨት ጠራቢ እንዲህ ያለ መሮ ነበራቸው። ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ከነበረ ሰው እጅ እንዳገኙት ይናገሩ ነበር። እኔን ማንም እጄን ይዞ ሥራ አላስተማረኝም። የሽማግሌውን እጅ ደጃቸው ላይ ቆሜ አይና ቤቴ ገብቼ እሞክራለሁ። ካየሁት ሁሉ ዓይኔ የማይለቀው ያን መሮ ነበር። ስፋቱ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም። ደረቅ ወይራ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው የመዶሻው ድምፅ እንጂ የእንጨቱ አይደለም፤ እንጨቱ ዝም ብሎ ይከፈትለታል። ሽማግሌው ሲሞቱ ዕቃቸውን ዘመዶቻቸው ወሰዱት፤ መሮውም አብሮ ሄደ።

የእናቴ ወንድም ቄስ ናቸው። በዚያ ዓመት፣ ልደት ሲያልፍ፣ ፍላቂት አጠገብ ወዳለ የገጠር ደብር ሊሄዱ ነበር። ይዘውት የሚሄዱትን የእጅ መስቀል እኔ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። እንጨቱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ ደን ውስጥ ንፋስ የጣለው የወይራ ቅርንጫፍ ነው። ከዚያ ደን ዛፍ መቁረጥ ግዝት ነው፤ ወድቆ የተገኘውንም ቢሆን ካህናቱ ተመካክረውበት ነው የሰጧቸው። በትከሻቸው ተሸክመውት በእግራቸው መጡ። አድርቀው፣ ልጠውና አለዝበው መሥሪያዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሌላ የለም» አሉኝ። ያሉት ይህን ብቻ ነው።

መስቀሉ እንዲሆንላቸው የፈለጉት በሐረግ የተጠላለፈ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ሐረግ ከሚስማር ቀጥቅጬ በሠራሁት መሮ ልነካው አልደፈርኩም። አንድ ጊዜ ቢሰነጠቅ አለቀ።

ከቀበሌ ሱቅ ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ማስታወቂያ ያየሁት በእነዚያ ቀኖች ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የመሣሪያ መደብር ለክፍለ ሀገር ደንበኞች ዕቃ በፖስታ እልካለሁ ይላል። ከታች ከተደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች መካከል ጉጉቷ አለች፤ ዓይኖቿ ሁለት ቀለበት፣ እግሮቿ መሮ ላይ የቆሙ። አንድ በግ ሸጥኩና ገንዘቡን በሐዋላ ላክኩ። ትእዛዙን የጻፍኩት ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው። ደብዳቤ ሲጻፍ እንደ ደንቡ ከላይ የከተማችንን ስም «ላሊበላ» አልኩ። ከሥሩ «አንድ ጠባብ መሮ» ብዬ ስፋቱን በመስመር አሳየሁ። ምልክቱን ግን ከቃል ይልቅ ሥዕል አይሳሳትም ብዬ ጉጉቷን እንዳየኋት አድርጌ ሳልኳት። ላባዋን ሳይቀር።

ዕቃው መጣ ተብሎ ስጠራ ፖስታ ቤት የሚባለው ክፍል ደጅ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ተቀምጧል። ጥቅሉን አነሣው፣ መዘነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብረት ነው» አልኩ።

ብድግ አለ። «ብረት? በፖስታ?»

በዚያ ዘመን በእኛ አገር ብረት ማለት ጠመንጃ ነበር። ይህን እያወቅኩ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። «የእንጨት ብረት» አልኩ ደግሞ፣ ይባስ ብዬ። የፖስታ ቤቱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። አብዮት ጠባቂው ክሩን በሳንጃ በጠሰው፤ ወረቀቱን ፈታው፤ መሮውን አውጥቶ ብርሃን ላይ ያዘው። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ።

«አንተ! የኛ ስም ነው እኮ ያለበት!»

እውነቱን ነው። አንገቱ ላይ፣ ጉጉቷ ልትሆንበት በሚገባው ቦታ፣ በአማርኛ ፊደል «ላሊበላ» የሚል ታትሟል። ከጎኑ የቤተ ጊዮርጊስ ሥዕል አለበት። ቤተ ጊዮርጊስ መሆኑን የማውቀው እዚያው አጠገብ ስላደግኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያየው የገበታ እግር ይለዋል። እርከኖቹ እንኳን በቁጥር አይገጥሙም። የ«ሊ» እግር ተጣሞ ነው የታተመው። እጀታው ቀለም የተቀባ ለስላሳ እንጨት ነው። ፖስታ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሜ መሮውን ገለባበጥኩት። ዓለት ተፈልፍሎ አብያተ ክርስቲያናት በተሠሩበት አገር ስም፣ ይህን ልከው «ላሊበላ» ይሉታል?

ቤቴ ገብቼ ስለቱን ድንጋይ ላይ አወጣሁ። አንዳንድ ጊዜ ስሙ ክፉ ሆኖ ብረቱ ደግ ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ። በቁራጭ ወይራ ላይ ስሞክረው ቆረጠ። ደስ አለኝ፤ መስቀሉን ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሐረጎች በደህና ወጡ። ወደ መሐል ስገባ፣ እንጨቱ በሚጠብቅበት ቦታ፣ ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈና ከአንዷ ሐረግ ጎን ስንጥር ቦጭቆ አነሣ። ሐረጓ አልተበጠሰችም። ግን ቆሰለች። መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃው አይረባም ብሎ ይጮህና ይወጣለታል። እኔ ያንን እንኳን ተከለከልኩ።

ከእኔ ቀድሞ አብዮት ጠባቂው ለሰፈሩ አውርቷልና ጎረቤቶች መሮውን ሊያዩ መጡ። እናቴ ስሙን ሲያነቡላት ተቀብላ ሳመችው። ከዚያ ሁሉም ሳሙት። አንዷ ጎረቤታችን ዓይኗን የሚያማት ናት፤ ዓይኗን አሻሸችበት። አጎቴ ሲገቡ ልነግራቸው ተነሣሁ።

«መምሬ፣ ላሊበላ ታጠፈ» አልኳቸው።

«ኧረ እንዲህ አትበል! ምን አልክ?»

«መሮውን ነው የምለው። ላሊበላ ልል ነው፣ አይቆርጥም።»

«ልጄ፣ ምላስህን ሰብስብ። የጻድቁን ስም ጠርቶ ልል ነው፣ አይቆርጥም ይባላል? መላእክት ናቸው አብረውት የቆረጡለት።»

«እኔ ያዘዝኩት ጉጉት ነበር።»

እናቴ አማተበች። ጉጉት የሟርት ወፍ ናት፤ ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከቤቱ ሰው ይሞታል ይባላል። አጎቴ መስቀሉን ከመሥሪያዬ አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ለመስቀል መሥሪያ ጉጉት አዘዝክ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጻድቁ ግን ራሱን ላከልህ። አንተ ደግሞ ትቆጣለህ!»

ጉጉት አዝዤ ጻድቅ የተላከልኝ፣ ተልኮልኝም የማማርር ከሐዲ ሆኜ ቀረሁ። የሸጠልኝ ነጋዴ በስሙ ተሸሽጎ ተረፈ። ስም እንዲህ ነው የሚያገለግለው፤ ብረቱ ሲታጠፍ ስሙ ይቆማል።

ጋሸና ድረስ እህል የሚያመላልስ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ የሚወርድ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አውቅ ነበር። መሮውን ከእናቴ ሰውሬ ሰጠሁት። መደብሩ ሄዶ በጉጉት እንዲለውጥልኝ ለመንኩት። ሲመለስ ጋሸና ምግብ ቤት ጠበቅኩት። መሮውን ከኪሱ አውጥቶ ገበታው ላይ ጣለው። ያው ላሊበላ ነው።

«አልለወጠም?»

«ኧረ ሰውየው ነው የተቆጣኝ! ወረቀትህን አውጥቶ አሳየኝ። 'አንብብ' አለኝ። አነበብኩ። 'ላሊበላ፣ አንድ ጠባብ መሮ።' 'ታዲያ ምን ልላክለት? ላሊበላ አለ፣ ላሊበላ ላክኩለት' አለኝ።»

«አድራሻዬ እኮ ነው!»

«ብዬዋለሁ። 'እኔ የምርቱ ስም መስሎኝ' አለ። በቅርብ የመጣ፣ እዚሁ አገር ውስጥ የሚሠራ ነው አሉ።»

«ጉጉቷስ? ሥዕሏን አላየም?»

ሾፌሩ ሳቁን ሊይዝ ሞከረና አቃተው። «'ጫጩቷማ ለጌጥ መስላኝ' አለ።»

ጫጩት! ላባዋን አንድ በአንድ የሳልኳትን! ያን ቀን ከተናገርኩት ውስጥ ልጽፈው የሚገባኝ ቃል የለም። ሾፌሩ የወጡን ፍትፍት እየጎረሰ ሰማኝ፤ ሲያበቃልኝ ደግሞ ጨመረበት።

«እኔ የማውቀው ላሊበላ እኮ ሌላ ነው። በእኛ በኩል ላሊበላ ማለት ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ላይ እየዘፈነ የሚለምን ነው። ካልሰጠኸው ይሰድብሃል። መሮህም እንደዚያው ነው፤ ገንዘብህን በላና ሰደበህ።»

እሱም አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከመቀመጫው ሥር የተሰበረ የባሌስትራ ቁራጭ አውጥቶ ሰጠኝ። ባሌስትራ የመኪና ጭነት የሚሸከመው ብረት ነው። «ይሄ ስም የለውም» አለኝ። «ግን ይህን ሁሉ መንገድ እህል ተሸክሞበታል።»

ባሌስትራውን ይዤ ወደ ቀጥቃጩ ሄድኩ። ማረሻ የሚሠራልን ሰው ነው፤ ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ጋሸና በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ባለ እጅ ይከበር፣ ቡዳ የሚል ይቀጣል ተብሎ ተነግሯል፤ ሁላችንም አጨብጭበናል። ከስብሰባው ስንወጣ ግን እናቶች ልጆቻቸውን ከእሱ ጥላ ይስቡ ነበር። በእሱ ማረሻ ያላረሰ አልነበረም፤ ከእሱ ጋር የበላም አልነበረም።

የታጠፈውን መሮ አሳየሁት። በጥፍሩ ጫር አደረገው።

«ይሄ ግሎ ውሃ አልጠጣም። ቢጠጣም የሚይዝ አይመስለኝም።»

«እሳት ውስጥ አስገብተህ ብትሞክረውስ?»

ስሙን አነበበ፤ ፊደል ያወቀው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መለሰልኝ። «እኔ በዚህ ስም ላይ መዶሻ ላሳርፍ? ሳልመታው የሚሉኝ አይበቃም?»

ባሌስትራውን ተቀበለ። ወናፉን እየነፋሁለት እስኪቀላ ጠበቅን፤ ቆረጠው፣ ሳበው፣ እንደ ገብስ ፍሬ አቀጠነው። ውሃ ያጠጣው ሦስት ጊዜ ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ቀለሙን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ሲያበቃ እጄ ላይ አኖረው። ጥቁር፣ ሸካራ፣ ምንም ያልተጻፈበት።

«ምልክት አድርግበት» አልኩት። «የራስህን።»

«የእኔን ስም ብታይበት እናትህ ትስመዋለች?» አለኝ።

መስቀሉን በዚያ መሮ ጨረስኩት። ወይራው ዝም ብሎ ተከፈተለት። የቆሰለችውን ሐረግ አቅጥኜ ላስተካክላት ሞከርኩ፤ ቁስሏ ግን ከጎን ለሚያይ ይታያል። አጎቴ መስቀሉን ብርሃን ላይ ይዘው አለቀሱ። ልደት ዋዜማ ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ መስቀሉን ለመንገደኞች ሲያሳልሙ በጆሮዬ ሰማኋቸው።

«በራሱ በላሊበላ መሮ የተሠራ ነው» ይላሉ።

እናቴ ያን የታጠፈ ብረት ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች። ከመስቀሉ ቀጥለው እሱን ይሳለማሉ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሽማግሌ «የጻድቁ መሮ ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይደለም፣ የሱቅ ነው» አልኩት። «ጽሑፉ ምን ይላል?» አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያውስ!» አለና ሳመው።

ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። ከማን ጋር ልጣላ? አጎቴን አልዋሹም ማለት አልችልም፤ ዋሹ ማለትም አልችልም፤ እንደዚያ ያምኑ ነበር። ያ ወናፍ፣ ያ ባሌስትራ፣ ያ ጥቁር እጅ ግን በማንም አፍ አልነበረም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አጎቴን መኪና እስከሚያገኙበት ልሸኛቸው ዕቃቸውን ተሸክሜ ወጣሁ። መንገዱ በቀጥቃጩ ደጅ ነው። እንደ ልማዱ ቄስ ሲያይ ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ቆመ። እኔ ቆምኩ።

«መምሬ፣ የመስቀልዎን መሮ የሠራው ሰው ይሄ ነው። ላሊበላ የሚለው አይደለም፤ እሱ ሊያበላሸው ነበር። የዳነው በዚህ ሰው ነው።»

ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጥቶ ነበር። አጎቴ እኔን አዩኝ፤ እሱን አዩት። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር መስቀሉን አውጥተው ዘረጉለት። ሰውየው ወዲያው አልተሳለመም። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ከጎን ተመለከተው፤ የቆሰለችውን ሐረግ አገኛት። ሳይነካት በጣቱ አመለከተ።

«እዚህ ጋ ላሊ በላ» አለ፣ ስሙን ለሁለት ከፍሎ።

አጎቴ ከመቆጣታቸው በፊት ሳቅ አመለጣቸው፤ መስቀሉ እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። እሱ ግን አልሳቀም። ተሳለመ፤ ግንባሩን፣ አፉን። እኔም አልሳቅኩም።